የሚመለሰው ሽቦ

በቆጣሪ መፈተሻ ክፍላችን «ዳኛው» ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ ሊያሾፉብኝ ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። በዚህ ወንበር ላይ ሰው ሲዋሽ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ቆጣሪ ሲዋሽ ያየሁት ግን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት መስኮቴን ሲያንኳኩ በቆጣሪያቸው ላይ ፍርዴን ከሰጠሁ ሁለት ቀን ሆኖኝ ነበር።

ቆጣሪያቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ተቆጣጣሪዎቹ ቀይ መብራቱ በርቶ አግኝተውት፣ «እዚህ ቤት ኤሌክትሪክ ይሰረቃል» ብለው ከግድግዳው ነቅለው ያመጡት ነው። እኔም ፈትሼ «ጤነኛ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ቆጣሪው ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው፤ በእኛ ክፍል ሕጉ ይሄው ነው።

«ለራሴ ልከራከር አይደለም የመጣሁት፣» አሉ። ስልሳ አምስት ቢሆናቸው ነው፤ የስፌት ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ነው የወጡት። «እኔ ሽቦ ነክቼ አላውቅም። በቤቱ የተበላሸውን ሁሉ የሚጠግነው ባለቤቴ ነበር። ከሞተ ዓመት አለፈው። ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰውዬ ሌባ ነበር?»

ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም የሚመጣው «እኔ አይደለሁም» ሊል ነው።

«ለመሆኑ ይሄ ዕቃ በምን አወቀ?» አሉኝ።

ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ወደ ቤት የሚሄደው ኤሌክትሪክ ጣት በምታክል የብረት ቁራጭ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያልፍም በሁለቱ ጫፎቿ መካከል እጅግ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ከቤት የሚመለሰው ሽቦ ደግሞ በአንድ ቀለበት መሃል ነው የሚያልፈው፤ ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመው ቀጭን ጥቅል ሽቦ፣ ሳይነካው ምን ያህል እንዳለፈ ይሰማዋል። ሁለቱም የሰሙትን ለአንዲት ጥቁር ቺፕ ያቀብላሉ። እሷም በየሴኮንዱ ሺህ ጊዜ እየለካች ወደ ቁጥር ትለውጠዋለች፤ ፍጆታውን ታሰላለች፤ የሄደውንና የተመለሰውንም ታስተያያለች። የሄደው ሁሉ መመለስ አለበት። ከጎደለ ቀዩን ታበራለች።

«ከእርስዎ ቤት የሄደው ብዙ፣ የተመለሰው ትንሽ ነው፣ እትዬ።»

«ቀሪው የት ሄዶ?»

ይህንን ራሴን ሳልጠይቅ መፈረሜ አናደደኝ። ቺፗ መጉደሉን እንጂ የት እንደገባ አታውቅም፤ ያንን ማወቅ የኔ ሥራ ነበር። ቆጣሪውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተከተልኳቸው።

ቤታቸው አንድ ጣሪያ ከሚጋሩ ረድፍ ቤቶች አንዱ ነው። ቆጣሪውን መልሼ ገጠምኩና አምፖሎቹን አበራን፤ የሄደውና የተመለሰው እኩል። ቴሌቪዥኑም እኩል። ከስፌት መኪናቸው ጎን ካውያውን ሲሰኩት ግን ወዲያው ቀይ በራ። ስምንት አምፔር ሄዶ የተመለሰው አንድ እንኳ አልሞላም።

«ያንን ሶኬት የቀየረው ባለቤቴ ነው፣» አሉ።

መሰላል አስመጥቼ ኮርኒሱ ውስጥ ገባሁ። ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል። ከሶኬቱ የሚመለሰው ሽቦ ወደ ቆጣሪያቸው አይሄድም፤ ግድግዳውን ተሻግሮ ከጎረቤት የመመለሻ ሽቦ ጋር ተጠምዝዟል። የተሰረቀ ነገር የለም። የተጠቀሙበት ሁሉ ሲሄድ በራሳቸው ቆጣሪ ተቆጥሯል፤ ሲመለስ ነው መንገዱን የሳተው። የጎረቤታቸው ቆጣሪ የሚመለሰውን የማይለካው አሮጌው ባለ ዲስክ ስለሆነ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም፤ የእሳቸውም በቅርቡ እስኪቀየር እንደዚያው ነበር። ደስ ብሎኝ ልጣራ አፌን ስከፍት መጋጠሚያው የተጠቀለለበትን ናስትሮ፣ የሽቦ ፕላስተሩን፣ አየሁት።

በግራ እጅ የተጠቀለለ ነው። ጫፉም ሲፈታ እንዳያስቸግር ታጥፏል። እኔ ግራኝ ነኝ፤ የናስትሮ ጫፍ የሚያጥፍ ሌላ ባለሙያም አላውቅም።

እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ሽቦ የምዘረጋ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ሰፈሩ ሜዳ፣ ቤቶቹ ያልተለሰኑ ነበሩ፤ ዛሬ በአጥርና በዛፍ ተሸፍነው ስገባ አላወቅኋቸውም። የመጨረሻው ቀን ላይ ሽቦ አራት ሜትር አጠረኝ። መጋዘኑ ተዘግቷል፣ የጎረቤት ሽቦ ደግሞ እጄ ሥር ነው። «ዲስኩ ምን ያውቃል» ብዬ ቀጠልኩት።

ከመሰላሉ ወረድኩ። «የሽቦ ስህተት እንጂ ስርቆት አይደለም» ብል እውነት ነበር፤ ለሪፖርቱም ይበቃል። እንደዚያው አልኳቸው።

«ታዲያ እሱ ነው እንዲህ የቀጠለው?» አሉኝ። «አውቆ ይሁን ሳያውቅ በምን ይታወቃል?»

«እሳቸው አይደሉም፣ እትዬ። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ነገ ፊርማዬን ሰርዤ በስሜ እንደማርመው፣ ሽቦውንም ዛሬውኑ እንደምለየው ነገርኳቸው። «ይቅር ይበሉኝ፣» አልኩ።

የስፌት መኪናቸው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ካውያው እየጋለ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ተነስተው ነቀሉት።

«ተቆጣጣሪዎቹ ከመጡ ወዲህ ስረግመው ነው የሰነበትኩት፣» አሉ። «መቃብሩ ድረስ ሄጄ አዋረድከኝ ብዬዋለሁ። አንተን ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ፤ በሕይወት አለህ፣ ፊቴ ቆመህ ነገርከኝ። እኔ አሁን እሱን ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቀው?»

ዳኛው ቦርሳውን አነሳ።

«መቃብራቸው ጋ አብረን እንሂድ፣» አልኳቸው። «እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ትንሽ አዩኝና ጫማቸውን ማድረግ ጀመሩ።