ከሹፌሩ ጎን

መነን የፊተኛውን በር ከፍታ ከእንዳሻው ጎን ዘፍ አለች። ቀበቶዋን ሳብ አድርጋ አሰረችና «እንደምን አደሩ፣ ጋሽ እንዳሻው!» አለች። እሱ ከኅዳር ወዲህ ከዚያ ወንበር ላይ የሰው ቃል ሰምቶ አያውቅም። ምንም አይሰማም ማለት ግን አይደለም፤ አንዳንድ ማለዳ ወደ ፈጣኑ መንገድ፣ ወደ አውቶባኑ ሲወጣ፣ መስኮቱን የተደገፈ ሰው የሚተነፍስ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ዞር ብሎ ላለማየት አንገቱን አደንድኖ ይነዳል። ይህንን ለነፍስ አባቱ እንኳ አልነገረም።

ሁለቱም የሚሠሩት ፍራንክፈርት፣ ኦስትኤንድ የሚባለው ሰፈር ባለው የከተማው መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱ የመንገድ ንድፍ ያወጣል፣ እሷ አስተዳደር ክፍል ናት። ካለፈው ወር ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ አረንጓዴ ማስታወቂያ ለብሷል፦ ብቻችሁን አትንዱ፤ በባቡር ኑ፣ በብስክሌት ኑ፣ አለዚያም ባልደረባችሁን ይዛችሁ ኑ። ከዛሬ ሰኞ ጀምሮ ብቻውን ለመጣ ሹፌር የግቢው በር አይከፈትም። ለእንዳሻው ነገሩ ቀላል መሆን ነበረበት። የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ኡባኑ፣ ከቤቱ አጠገብ ይቆማል፤ ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ ይችልለታል፤ ጉልበቱም ገና አልከዳውም። እሱ ግን ስብሰባ ላይ «እኔ መኪናዬን አልተውም» ብሎ ድርቅ አለ፤ ለምን ሲሉት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጀርመኖቹ ግትር ሽማግሌ ነው ብለው ተዉት። ሐበሾቹማ ምን ሲያደርጉ ይተዉታል፤ «ኦፔል መኪናውን በተክሊል አግብቷታል» ብለው ሳቁበት። መነን ከዘመቻው አስተባባሪዎች አንዷ ናትና «እኔም የምኖረው ቦናመስ ሰፈር ነው፤ አብረን እንሂዳ» ስትለው እምቢ የሚልበት ቃል አጣ።

«አንድ ቦታ ቆም እላለሁ» አላት፣ ወደ ፎቆቹ መሃል እየታጠፈ።

«ሌላ ሰው አለ? እንዲያውም ጥሩ፣ ሦስት እንሆናለን።»

አንዱ ረጅም ሕንፃ ሥር ሲደርስ ቆመ። ክላክሱን ሁለቴ፣ አጭር አጭር ነፋና ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። የሚጠብቅበት ልክ አለው፤ አንድ ሰው ደረጃውን ወርዶ፣ የውጭውን በር ገፍቶ፣ መኪናው ጋ እስኪደርስ የሚፈጅበትን ያህል ነው።

«ማንን ነው የምንጠብቀው?» አለች መነን።

«ፍሉይን።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ፍሉይ እዚያው መሥሪያ ቤት ባልደረባቸው ነበር። ቀብሩ ላይ እሷም አፈር አልብሳለች።

«ጋሽ እንዳሻው…»

«አላበድኩም፣ አትፍሪ። እናቱ እዚህ ፎቅ ላይ ናቸው። መርዶ አልተነገራቸውም።»

ነገሩ የተጀመረው በደግ አሳብ ነበር። ፍሉይ ሲሞት እናቱ አደይ ጽገወይኒ ለዓይናቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበርና፣ ሽማግሌዎቹ መክረው ዓይናቸው ይዳንና ይነገራቸዋል አሉ። ዓይናቸው ሳይድን ጾም ገባ፤ በጾም ማን መርዶ ይናገራል? ገና መጣ፤ በበዓል ማን መርዶ ይናገራል? ደግሞ ሌላ ጾም፣ ደግሞ ፋሲካ። መርዶ በወጉ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው፤ ፍራንክፈርት ውስጥ ደግሞ በማለዳ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ዛሬ ነገ ሲባል ግንቦት ገባ። «ሥራ በዝቶበት ነው፤ ሲወጣም ሲገባም እርስዎ ተኝተው ነው» ይሏቸዋል። ይህን ሕፃን እንኳ አያምነው። እሳቸው ግን አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም፤ ዝምታቸውንም ሁሉም እንደ ማመን ቆጠረው።

እንዳሻውና ፍሉይ ያለ ማንም ዘመቻ ዕድሜ ልካቸውን ሥራ የሄዱት አብረው ነው። እናትየው ከሆስፒታል በተመለሱ ማግስት እንዳሻው ልማድ ሆኖበት እዚያው ቆመ፤ እጁ ራሱ ሄዶ ክላክሱን ነካ። ደንግጦ አመለጠ። ማታ ለተኪዳን የምትባለው የፍሉይ ሚስት ደወለችለት። «ክላክስህን ሰምተው ‹ልጄ ሥራ ሄደ› አሉ። ከመጡ ወዲህ እህል የቀመሱት ገና ዛሬ ነው። በማርያም ይዤሃለሁ፣ ነገም ና» አለችው። ባቡር የማይሳፈረው ለዚህ ነው። አገር ቤት የእድር ጥሩምባ ሞት ይናገራል፤ የእሱ ግን ሞት ይደብቃል። ያፍርበታል። አንድ ማለዳ ቢቀርስ? እኒያ እናት መርዷቸውን ከባዶ መንገድ ሊሰሙ ነው ብሎ ይፈራል።

መነን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚህ ወንበር ላይ ነው አይደል ያረፈው?» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። ያን ዕለት ፍሉይ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ደገፍ አደረገ፤ እንዳሻውም ተኝቷል ብሎ ሬድዮውን ዝቅ አደረገለት። ግቢ ገብቶ «ተነስ፣ ደርሰናል» እስኪለው ድረስ መሞቱን አላወቀም። የትኛው መታጠፊያ ላይ፣ የትኛው ድልድይ ሥር ነፍሱ እንደወጣች እስከ ዛሬ መንገዱን ይጠይቃል።

መነን ጀርመን አገር ትደግ እንጂ የሐበሻ ልጅ ናት። እናትየው ከላይ እያዳመጡ ልጃቸው ያረፈበት ላይ መቀመጥ ነውር ሆኖ ታያት። «ይቅርታ፣ ኋላ ልሁን» አለችና ወረደች። በሩን ገፋ ብታደርገው አልገጥም አለ፤ መኪናው ያረጀ ነው። ከፈተችና በሙሉ ኃይሏ ወረወረችው። ድምፁ በፎቆቹ መሃል አስተጋባ።

ላይ መስኮት ተከፈተ። «ፍሉይ!» አለ የአሮጊት ድምፅ። «ፍሉይ ወደይ! ልጄ፣ ጠብቀኝ፣ መጣሁ!»

እንዳሻው ክው አለ። ነድቶ መሄድ ይችል ነበር፤ የእጅ ፍሬኑን ግን ሳበ።

አደይ ጽገወይኒ በሌሊት ልብሳቸው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። ለተኪዳን ጫማቸውን በእጇ ይዛ ከኋላ ትሮጣለች። እጃቸው ኮፈኑን አገኘ፤ ጣሪያውን ተከትሎ ሄደና በሩን ከፈተ። ወንበሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት።

«ይሞቃል» አሉ። «እንዳሻው ወደይ፣ ወንበሩ ይሞቃል።»

ለተኪዳን ከኋላቸው ሆና፣ እንዳትናገር ብላ በዓይኗ ለመነችው። ውሸቱ አፉ ላይ ነበር፤ አሁን ወረደ፣ የረሳው ነገር ኖሮ ተመለሰ ቢል ይበቃል።

«አደይ…»

«ተወው» አሉ። «ልጄ እንደሞተ አውቃለሁ። ጥሩምባህን በየማለዳው ሰማሁ፤ በሩን ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። እናንተ ለእኔ ስትጨነቁ ጊዜ፣ እኔም ለእናንተ ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ማታ ትራሴን ነክሼ ብቻዬን አልቅሼዋለሁ።» ወንበሩን ደግመው ዳሰሱት። «ዛሬ በሩ ተዘጋ። ያን ደረጃ ወርጄ እስክጨርስ ልጄ አልሞተም ነበር።»

ያን ጊዜ ለተኪዳን ጮኸች። ቤት ውስጥ ስትውጠው የከረመችው ጩኸት ነበር። መስኮቶች ተከፈቱ። መነን አስፋልቱ ላይ ቆማ «እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ ይቅር በሉኝ፣ እኔ ነኝ» ትላለች፤ የሚሰማት አልነበረም።

አደይ ጽገወይኒ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን አስገቡ። የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ እንዳሻው አዞሩ።

«እንግዲህ መርዶዬን አንተው ንገረኝ፤ በየቀኑ አብራችሁ ነበር የምትሄዱት። ሲሞት ብቻውን ነበር?»

እንዳሻው ሞተሩን አጠፋ። አዎ ቢል ይዋሻል፤ አልነበረም ቢልም ይዋሻል። ከኋላ የቆሻሻ መኪና መጥቶ መንገድ ልቀቁ አለ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እጃቸውን ፈልጎ ያዘ፤ ቀዝቅዟል።

«ያን ማለዳ ጭጋግ ነበር፣ አደይ» አለ። «ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።»