ያወፈርኩት ጥይት

ልጄ ዋለልኝ ጥይት ይጋግራል። ቀልዴን አይደለም። አመሩድ በሚሉት ሰፈር፣ ከምንኖርበት ፎቅ ሥር ቦድ የሚሉት የዕቃ ማስቀመጫ አለን። እዚያ ትንሽ ምድጃ አስገብቶ፣ መዳብ የለበሱ አረሮችን፣ የጥይቱን ጫፍ፣ በዱቄት ቀለም እያንከባለለ፣ ሽቦ ላይ ደርድሮ ያበስላቸዋል። ሲወጡ እንደ ከረሜላ አረንጓዴ ናቸው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የምድር ባቡር ይጠግናል፤ የአደን ፈተናውን በኖርዌጂኛ አልፏል። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ጥይት ግን እሱ ሳይወለድ አውቃለሁ።

አንድ ባልደረባው ጡረታ ሲወጣ የአያቱን ጠመንጃ ሰጠው፤ በወረቀት፣ በፖሊስ ፈቃድ። አፈሙዙ ከውስጥ ተበልቶ ሰፍቷል። አረሩ ይቀጥንበትና እየተወላገደ ይሄዳል። አምና ኤልግ የሚሉትን፣ በሬ የሚያህለውን የጫካ አውሬ፣ በሃምሳ እርምጃ ሳተው። አብረውት ያደኑት ሳቁበት። ለዚያ ጠመንጃ ልክ የሚሆን አረር ዛሬ የሚሠራ የለም አሉ፤ ቀለም ሲቀባ ግን ይወፍራል። ነገሩ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ቅዳሜ ቀን፣ ለምሳ ልጠራው ስወርድ ነው። አድነው የመኪናው የክረምት ጎማዎች ላይ ተቀምጧል። አድነው የጋይንቱ፣ የሰፈራችን ቀጥቃጭ፣ ካየሁት አርባ ስድስት ዓመት ያለፈኝ ሰው። ጉጠቱን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ያኔ የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር፤ አሁንም ሠላሳ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ያረጀሁት። ምድጃውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ምን ሆንሽ እማዬ? በረደሽ እንዴ?" አለ ዋለልኝ።

"ጎማው ላይ ማን አለ?"

"ማን ይኖራል? ጎማ ነው።"

"ተወው። ምሳው ቀዘቀዘ።"

ከዚያ ወዲህ ምድጃው በጋለ ቁጥር አድነው እዚያው አለ። እኔ ፈሪ አይደለሁም። ብዙ ሞት አይቻለሁ፣ ድንበር በእግሬ ተሻግሬአለሁ። ግን ቦዱ በር ላይ ስደርስ ቆሜ ልጄን በስልክ እጠራዋለሁ። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ላለ ሰው!

አንድ ዓርብ ከሰዓት ዋለልኝ ፈክቶ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ጥይት ጠረጴዛው ላይ አቆመልኝ።

"ሁለት ጊዜ ቀባሁት! አንዱ አልበቃ ብሎ ነው። ነገ ተኩስ ሜዳ ወስጄ እሞክረዋለሁ።"

"ጠመንጃው ውስጥ ይገባል?"

"አዎ፣ ይገባል። መቀርቀሪያው ገፋ ማድረግ ይፈልጋል እንጂ። ጠበቅ ማለቱ ጥሩ ነው።"

ይህንኑ ቃል፣ አንድም ሳይጎድል፣ አባቱ ብሎት ነበር፤ በሞተበት ጠዋት።

"አትሄድም" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ! ኢንተርኔት ላይ ስንቱ ሰው ይሠራዋል።"

"ኢንተርኔትህ ባል ቀብሯል?"

"እማዬ፣ ጠመንጃ ነው፣ ብረት ነው፣ የምሠራውን አውቃለሁ።"

"ክፉ ህልም አይቻለሁ።"

"ለቄሱ ንገሪያቸው" ብሎ ሳቀ፤ ጥይቱንም አንስቶ ሊወጣ ተነሣ።

ህልሙ ውሸት ነበር። ውሸት እንደማያስቀረው ገባኝ። በሩን ተደግፌ ቆምኩበት።

"አባትህን ቀጥቃጩ አድነው በዓይኑ አልበላውም" አልኩት። "እኔ ነኝ የገደልኩት። ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ነገርኩት፤ ብቀመጥ አልጨርሰውም ነበር።

የአባቱ የእንዳሻው ጠመንጃ ያያቱ ውጅግራ ነበረች፤ እሷም አፈሙዟ የሰፋ። አረሩን ከቀለሃው ነቅዬ፣ ፈትል በሰም አርሼ የምጠመጥምበት እኔ ነበርኩ። የእሱ ጣት ወፍራም ነው። በጋይንት ደግሞ እንደኔ አቅጥኖ የሚፈትል አልነበረም። አንድ ዙር ይበቃ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ዒላማ ሲተኩሱ ሳተ፤ ወንዶቹ "ጠመንጃህ እንደ ሚስትህ አፏ ሰፊ ነው" ብለው ሳቁበት። ስድቡ የእኔ ነው። ቤት ገብቼ ሁለት ድርብ አድርጌ ጠመጠምኩለት። አሳያቸዋለሁ አልኩ።

አድነው ማረሻ ሊያደርስ መጥቶ አየኝ። ከደጅ ሳይገባ፣ "እታገኘሁ፣ ወፍሯል። ጥይቱ መተንፈሻ ያጣል። ፍቺው" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "አንተ ቡዳ፣ ፈትል ልታስተምረኝ ነው? ዓይንህን ከቤቴ አንሣ" አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። በማግስቱ እንዳሻው መቀርቀሪያዋን በግድ ገፍቶ ዘጋት፣ "ጠበቅ ማለቱ ጥሩ ነው" አለ፣ ተኮሰ። መቀርቀሪያዋ ወደ ኋላ ወጥታ ግንባሩን መታችው።

ሰው ትናንት የተሰደበውን አድነውን አስታወሰ። ቀጥቃጭ ነው፣ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ በላው ተባለ። ቤቱን አቃጠሉ። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ወደ ቆላ ሲወርድ በድንጋይ ሸኙት። እኔ ሰም የነካ ጣቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለባሌ ነው። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ዋለልኝ ጥይቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አቆመ።

"እኔም ድንጋይ ወርውሬያለሁ" አለ። "ሰባት ዓመቴ ነበር። አንዷን ልጅ መታኋት።"

"አይቼሃለሁ። እጅህን አልያዝኩም።"

መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ የጥይቱን አንገት ለካ። ድጋሚ ለካ። "ወፍሯል" አለ። ወደ ቦዱ ወርዶ የሞላቸውን ጥይቶች ሁሉ አንድ በአንድ ነቀላቸው፤ ባሩዱን በውሃ ሲያርሰው በሩ ላይ ሆኜ አየሁ። አድነው ጎማው ላይ ነበር። እሱም እያየ ነበር።

ዋለልኝ ዘወር ሳይል ጠየቀኝ። "በሕይወት አለ?"

"አላውቅም።"

"እሑድ ስሙን ለቄሱ እንስጥ፤ በጸሎት ያስቡት። ክርስትና ስሙ ማነው?"

ያ ሰው ስንት ዓመት ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን ሲሠራ ክርስትና ስሙን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እሱ ከግቢው ውጭ ይቆም ነበር።

"አታውቂም" አለ ልጄ። እማዬ አላለኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ብሎኝም አያውቅ። ምግቤን ያቀርብልኛል፣ መድኃኒቴን ያመጣልኛል፣ ፊቴን ግን አያይም። ይሁን። የእሱ ፊት እንደ አባቱ ሳይፈርስ አለ፤ ያን ነው የፈለግሁት።

እሑድ እሱ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ ቁልፉን ይዤ ወረድኩ። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው፤ አድነው ግን አለ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አልኩት።

"አድነው፣ ክርስትና ስምዎ ማነው?"

አፉን ከፈተ። ድምፁ ወደ እኔ አልደረሰም። በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ስማቸውን እስኪነግሩኝ ቆሜ ጠበቅኋቸው።