በሰባት ሰዓት የምትነቀል ገመድ

ሰው የሌላውን ድካም ላቅልል ብሎ የገዛውን ዕቃ መልሶ በገዛ እጁ እንዲያበላሽ የሚያደርገው ምንድን ነው? ንድፍ ሠሪው ይህን ራሱን የጠየቀው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ፣ አንዲት ምንም ያልሆነች ገመድ ከቦታዋ በጥቂቱ ሳብ ባደረገበት ቀትር ነበር።  ከኮሪደሩ ጫፍ የሚያውቀው ኮቴ ሲመጣ ሰምቶ ቶሎ ተነሣና የጉልበቱን አቧራ አራገፈ።

ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ናት። ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች፤ ባልዲ ሲጋጭበት የኖረው የግድግዳው ቀለም አሁንም እንደተላጠ ነው። አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ከገባባት በኋላ በሯ ሙሉ በሙሉ መከፈት ስላቆመ፣ ሰው በጎኑ ተሾልኮ ነው የሚገባው። ጠዋት ጠዋት የእሱ ናት። ከሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ የጸሐፊዋ።

ጸሐፊ ይበሏት እንጂ አለቃ የላትም። የተቀዳ ድምፅ ይልኩላታል፣ እያዳመጠች ወደ ጽሑፍ ታወጣዋለች፤ የስብሰባ ጭቅጭቅ፣ የተመራማሪ ቃለ መጠይቅ፣ አንዳንዴም አንድ ጡረተኛ ለልጆቹ የሚተወው የሕይወት ታሪክ። ከሰዓት በኋላዋን በሙሉ ከማታውቃቸው ሰዎች ድምፅ ጋር ትውላለች። የሕንፃው ሰው ስለዚህ "ጆሮ" ብሎ ሰየማት። ንድፍ ሠሪው በመጀመሪያው ቀን በአክብሮት "እትዬ፣ ይግቡ" ሲላት፣ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ፣

"እትዬ ስትለኝ ወገቤን ያመኛል" አለችው። "እንደ ሰው አናግረኝ።"

ከዚያ ወዲህ እሷ "እታለም" ሆነች፣ እሱ ደግሞ "ባሕር ማዶ"። ስሙ አላስከፋውም። ልጅነቱ ሳያልቅ ርቆ ሄዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው ሥራ ይዞ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ሥራው ግን አብሮት አልተመለሰም። እዚህ ተቀምጦ፣ ባሕር ማዶ ለሚሠሩ፣ ደጃቸውን ለማይረግጣቸው ቤቶች ደረጃና ማድ ቤት ይነድፋል። በሕልሙ እንኳን የሚሄደው የእሱ ባልሆኑ ደረጃዎች ላይ ነው።

የሚኖረው ታላቅ እህቱ ቤት ነው። ቤቱ ሙሉ ነው፤ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ባልና ሚስቱ በቴሌቪዥን ድምፅ ይነታረካሉ፣ የጠፋ ካልሲ ሁሌ ይፈለጋል። እሱ ሲገባ ግን ድምፁ ይቀነሳል። "ተነሥ፣ ለአጎትህ ልቀቅለት" ተብሎ አንዱ ልጅ ከሶፋው ይነሣል። ሻይ በደህናው ኩባያ ይመጣለታል፣ ከሥሩም ማስቀመጫ ሳህን አለው፤ የሌሎቹ ኩባያ ሳህን የለውም። ከተመለሰ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ሳህኗ ግን አልቀረችም። አንድ ቀን እህቱ "በሩን እንደዚህ አታላጋው" ብትለው ምን ያህል ደስ እንደሚለው ሊነግራት አስቦ፣ እንዴት ተብሎ እንደሚነገር ጠፍቶት ተወው።

ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሰባት ሰዓትን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ርክክቡ ትልቅ ሥራ ነበረው። ስክሪኑ የእሷ፣ ወንበሩ የእሱ፣ የኢንተርኔቱ ገመድ የጋራ ነው። የግድግዳው ሶኬት አሮጌ ስለሆነ ቻርጀር ካልደገፉት ይወድቃል። እሱ ጠረጴዛው ሥር ይገባል፣ እሷ የስልኳን መብራት ታበራለታለች።

"እሱን አይደለም፣ ወፍራሙን።"

"ወፍራሙ ሁለት ነው፣ እታለም።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረህ ወፍራምና በጣም ወፍራም አትለይም?"

ገመዱ እስኪፈታ ጨዋታ ይመጣል። ቃለ መጠይቅ ላይ ሊዋሽ ሲል ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው እንዳጋጠማት ትነግረዋለች፤ "እኔማ ጽሑፉ ላይ 'ጉሮሮውን ጠረገ' እያልኩ እየጻፍኩለት ነው፣ አንባቢው ይወቀው።" እሱ ከታች ሆኖ፣ ከሚስቱ ጋር ስለማይነጋገር ማድ ቤቱ ሁለት በር ይኑረው ያለ ደንበኛ እንዳለው ይነግራታል። ስትስቅ መብራቱ ይንቀጠቀጥበታል። አልጋ ላይ ስለዋሉት እናቷ ታወራለች፤ ጠዋት እሷ ታያቸዋለች፣ ከሰዓት አክስቷ ይመጣሉ፣ አክስቷ ደግሞ ከሕመምተኛዋ ይልቅ እንቅልፍ ይወዳሉ። በመጨረሻ "በል ተነሥ ከወንበሬ" ትለዋለች፤ ወንበሩ የእሱ እንደሆነ ሁለቱም እያወቁ። ማንም እንደዚያ ብሎ የሚያስነሣው ሌላ ቦታ አልነበረም።

ዶክ የምትባለውን የገመድ ማገናኛ የገዛው ለእሷ ብሎ ነው። አንድ ቀን የወደቀውን ቻርጀር ለመደገፍ እሷ ጎንበስ ስትል ወገቧ ያዛትና ቀና ማለት አቅቷት ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። እሱ ባሕር ማዶ ሳለ በየጠረጴዛው ላይ ያያት የነበረችውን ትንሽ ሳጥን አስታወሰ፤ ፈልጎ አስመጣት።

"ይቺ ናት?" አለች፣ በመዳፏ እየመዘነቻት። "ሳሙና ነው የምትመስለው።"

"ሁሉም ነገር እሷ ላይ ይሰካል። ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ፣ ማውዙ፣ ኢንተርኔቱ። አንዴ ከሰካነው ማንም አይነካውም። ላፕቶፕሽን በዚህች አንዲት ገመድ ብቻ ታገናኛለሽ። ቻርጅም ታደርግልሻለች።"

"የእኔ ባትሪ እኮ የሞተ ነው፤ ካልሰካሁት ወዲያው ነው ድርግም የሚለው።"

"እሷ ትይዘዋለች።"

"እና ከእንግዲህ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ የለም?"

"የለም።"

"ተባረክ፣ ባሕር ማዶ። ወገቤ ይመርቅሃል።"

በማግስቱ በሰባት ሰዓት ገመዷን ነቀለ፣ እሷ ሰካች። ስክሪኑ በራ። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገችና "በል፣ ሰላም ዋል" አለችው። ቦርሳውን አንግቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ጠዋት የነደፈው ደረጃ አንድ አስቂኝ ታሪክ ነበረው፤ ለእሷ ብሎ ሲያሰናዳው ነበር ያረፈደው። በሩ ከጀርባው ተዘጋ፣ የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። ሳምንቱ እንደዚሁ አለፈ፣ ቀጣዩም። ያመጣት ሳጥን ሥራዋን በሚገባ ትሠራ ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

የመጀመሪያዋ ብልሽት የእሱ እጅ የለባትም። የስክሪኑ ገመድ በራሷ ሸርተት ብላ ነበር። ደረጃው ላይ ሳለ "ባሕር ማዶ፣ ና እስቲ፣ አልበራም አለ" ብላ ጠራችው። ሲመለስ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ ነበር፤ መብራቱን ይዛለት ሕመምተኛዋ እናቷ አስታማሚዋን አክስቷን ቀስቅሰው ውኃ እንዳጠጧቸው አጫወተችው። እየሳቀ ወጣ። እቤት ሲደርስ ሻዩ በሳህን ሲመጣለት እንኳን አልከፋውም።

ከዚያ በኋላ ነው ገመድ መሳብ የጀመረው። በየቀኑ አይደለም፤ እንዳይነቃበት ቀን እየዘለለ። ጤነኛ ገመድ በጣቱ ሳብ፣ ጉልበቱን አራግፎ ወጣ፣ ደረጃው ላይ ስልክ የሚያይ መስሎ ቆም።

"ይቺ ሳጥንህ እንደ ድሮዋ አማቴ ናት" ትለዋለች። "ሳይነኳት ታኮርፋለች።"

"ትለምዳለች፣ እታለም።"

"እኔም ስለ አማቴ እንደዚያ እየተባልኩ ነው የኖርኩት። ግን ልንገርህ፣ ቻርጀሬን አሁን እቤት ትቼው ነው የምመጣው። ቦርሳዬ ቅልል ብሎልኛል።"

እሱ የሰማው የአማቷን ጨዋታ ነው። የቻርጀሩ ነገር በአንዱ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

ውሎ አድሮ ዘዴውን ደረሰችበት፤ የእሱን ሳይሆን የገመዱን። ስክሪኑ ካልበራ በአውራ ጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፣ ይበራል። "ተማርኩ" አለችው አንድ ቀን፣ ኩራት ኩራት እያላት። እሱም "ጎበዝ" አላት፤ ከእንግዲህ ግን ለዚህ ብላ እንደማትጠራው ገባው። በማግስቱ ወደ ሳጥኗ ጀርባ፣ ኃይል ወደሚገባባት ክቡ ሶኬት ዞረ። መሰኪያውን ግማሽ ድረስ ስቦ ተወው። መብራቷ አልጠፋም፤ ጠረጴዛው ትንሽ ሲነቃነቅ ግን ይጠፋል። ያኔ ትጠራዋለች፣ እሱም ደረጃው ላይ ነው።

ጆሮ መጣች፣ ገባች፣ ሰካች። ደረጃው ላይ እንደቆመ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

"የት ነህ? ባለ ጋዙ በራችን ላይ ቆሟል፣ እኔ አልደርስም። ሩጥ።"

"ካልተቸገርክ" የለ፣ "ወንድም ዓለም" የለ። ሩጥ ብቻ። እግሩ ከጆሮው ቀድሞ ሰማ። ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ከባለ ጋዙ ጋር ባዶው ሲሊንደር ከባድ ነው አይደለም ብሎ ተጨቃጨቀ፣ ሙሉውን ተሸክሞ አስገባ፣ ጃኬቱን ከነስልኩ በር ላይ ሰቅሎ ማጥበቂያውን ሲታገል ዋለ። እህቱ ስትመጣ ሲሊንደሩን አየችና፣

"ይሄን መተላለፊያ ላይ የገተረው ማነው? ሰው በየት ይለፍ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ዓይን የለህም?"

አንሥቶ ጥግ አስያዘው። ፊቱ ይስቅ ነበር። ያን ዕለት ሻዩ በሌሎቹ ኩባያ፣ ያለ ሳህን መጣለት፤ ምናልባት ደህናው ኩባያ ሳይታጠብ ቀርቶ ይሆናል፣ እሱ ግን አልጠየቀም። ጃኬቱን ሲያነሣ ነው ስልኩን ያየው። ጆሮ ደጋግማ ደውላለች። መልሶ ሲደውል ስልኳ ዝግ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሕንፃው ዘበኛ መግቢያው ላይ ወንበራቸውን አዙረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ የሰው ጉዳይ ሳይጠይቁ ይደርሳቸዋል።

"ጆሮ ዕቃዋን ወሰደች" አሉት፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

"የቱን ዕቃ፣ አባባ?"

"ያንን ትልቁን መስታወት፣ የምታዩበትን። እኔው ነኝ ታክሲ ድረስ የያዝኩላት። ትናንት ኮምፒዩተሩ ሞተባት፤ ነካ ሲያደርጉት ይነሣል፣ ደግሞ ይሞታል። ለማታ የሚሰጥ ሥራ ነበራት መሰለኝ። አንተ ጋ ስትደውል፣ ስትደውል… በኋላ የስልኳም ነፍስ ወጣች። ሥራው አልደረሰም፣ ሰውየው ለሌላ ሰጠው።"

"ምን አለች?"

ዘበኛው ኮፍያቸውን ገፋ አደረጉ።

"ያቺን ትንሿን ሳጥን አገላብጣ አየቻት። ከኋላዋ የሆነ ነገር በጣቷ ገፋች፣ ጠቅ አለ፣ መብራት መጣ።  'ይሄ በራሱ አይወጣም፣ አይደል አባባ?' አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ አይጥ ይሆናል አልኳት።"

"ሳቀች?"

"ሳቀች። ግን እንደ ሁልጊዜዋ አይደለም።" ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡና፣ "ከእናቴ አጠገብ ሆኜ እሠራለሁ ብላለች። ቁልፉን እኔ ጋ ትታዋለች፣ ውሰድ" አሉት።

ክፍሏ ሰፍታ ጠበቀችው። ስክሪኑ ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ሳጥኗ መሐል ላይ ተቀምጣለች፤ ገመዶቿ እያንዳንዳቸው ተጠቅልለው በጎማ ታስረዋል። ላፕቶፑን አገናኘ። ትንሿ መብራት ወዲያው በራች፣ ኢንተርኔቱ መጣ፣ ቻርጁ ጀመረ። እንከን አልነበራትም።

ከሩቅ የተላከለትን ንድፍ ከፈተ። ሁለት በር ያለው የዚያ ሰው ማድ ቤት ነበር። ሰውየው ሐሳቡን ቀይሯል፤ አንድ በር ይበቃል ይላል። ንድፍ ሠሪው አንዱን በር አጠፋ፣ ግድግዳውን ዘጋ፣ የተዘጋውን ግድግዳ ሲያይ ቆየ። ለማን እንደሚነግረው አሰበ።

ስልኩን አነሣ። "ይቅርታ፣ ጋዝ መጥቶ ነበር" ብሎ ጻፈና አጠፋው። "ሳጥኗ ደህና ናት" ብሎ ጻፈ፣ አጠፋው። "ብቻዬን ስለሆንኩ ነው" ብሎ ጻፈ፤ ይህን ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አየው፣ አጠፋው። ከዚያ ገመዶቹን አንድ በአንድ ከሳጥኗ ነቀለ፣ ሳጥኗን ቦርሳው ውስጥ ከተታት፣ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ገመዶቹን እንደ ድሮው እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው እንዲተኙ አደረገ። መብራት የሚይዝለት ስላልነበረ በዳበሳ ነው የሠራው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ከወንበሩ ተነሣ። ማንም እንደማይመጣ ያውቃል፤ እግሩ ግን ለምዶታል። በጎኑ ተሾልኮ ወጣ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጻፈ፤

"እታለም፣ ሳጥኗን አንሥቻታለሁ። ገመዶቹ እንደ ድሮው ጠረጴዛው ሥር ናቸው። እኔ ከታች እገባለሁ፣ አንቺ መብራቱን ትይዢልኛለሽ።"

ላከው። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ብዙም ሳይቆይ መጣ። ስልኩን በእጁ እንደያዘ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ወንበሩን ባዶ ትቶ ጠበቀ። መልሱ ያን ቀን አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።