የአሥራ አንድ ተራ

"ማሽኑን አጥፊው! አጥፊው እኮ ነው የምልሽ!"

ገላነሽ መጀመሪያ አልሰማችም። የሩዝ መፈልፈያው ሲያጓራ እንኳን የሰው ድምፅ መብረቅም አይሰማ። ጆንያቸውን ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ፊታቸውን ወደ በሩ ሲያዞሩ አይታ ነው ቀና ያለችው። እትዬ ደብሬ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸው በእጃቸው ተጠቅልሏል፤ አንዱ እግራቸው ጫማ የለውም። እኒህን ሴትዮ ሳይሰናዱ ከቤት ሲወጡ ያየ ሰው ወረታ ላይ አይገኝም። ገላነሽ ማሽኑን አጠፋችው።

"ኧረ ወረፋችን!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ወረፋህ የትም አይሄድ፤ ዝም በል" አለችውና ወደ በሩ ሮጠች። "ምን ሆኑ እትዬ?"

"እንግዳው ጠፋብኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጧት ኪዳን አድርሼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ሳጥኑን ከፍቶ ያንን ስካርፉን ወስዷል። ፊሽካውንም።" ትንፋሽ አጠራቸው። "መናኸሪያውን አየን፣ ገበያውን አየን፣ በደብረ ታቦር መንገድም ሰው ላክሁ። የለም። ትናንት 'ነገ ልጆቹን ይዤ ወደ ወንዝ እወርዳለሁ' ሲል ነበር። እኔ ደግሞ እሽ አልሁት። ምን ልበለው? ሁልጊዜ እሽ ነው የምለው።" ከዚያ ክንዷን ያዟት። "አንች ከልጆቹ አንዷ አይደለሽም?"

ነበረች እንጂ። የእትዬ ደብሬ ባል ጋሽ እንግዳው በደህናው ዘመን ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሁድ እሁድ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው አሥራ ሁለት የሰፈር ልጆች ሰብስበው ስካውት ያስተምራሉ። ማንም አልላካቸው፣ ማንም አልከፈላቸው። ስካርፉን ከደንበኛ ቁራጭ ጨርቅ ራሳቸው ስለሰፉት የአንዱ ቡናማ፣ የአንዱ ባለ መስመር፣ የአንዱ ደግሞ የመጋረጃ አበባ ያለበት ነበር። እትዬ ደብሬ ቆሎ ቋጥረው ከኋላ ይከተላሉ። በሩዙ መሀል አቋርጠው ርብ ወንዝ ድረስ ይወርዱና ይመለሳሉ። ገመድ መቋጠር፣ መንገድ ላይ ምልክት መተው ይማራሉ። ከሁሉ በላይ ግን መቆጠር ይማራሉ።

እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ነበረው፤ ገላነሽ ሰባት ናት። ሲሄዱም ሲመለሱም ተሰልፈው ሁሉም ተራውን ጮክ ብሎ ሳይናገር አንድ እርምጃ አይኬድም። እሷ ደግሞ ተብታባ ነበረች። የመጀመሪያው እሁድ "ስድስት!" ተብሎ ተራዋ ሲደርስ ምላሷ ተሳሰረ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱማ "እኔ ልበልላት?" አለ። ጋሽ እንግዳው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና፣ "የሰውን ተራ ሰው አይመልስም። እንጠብቃታለን" አሉ። በዚያ ፀሐይ ምን ያህል እንደቆሙ እግዜር ይወቅ፣ የዛፉ ጥላ ዞረ። በመጨረሻ "ሰባት!" ስትል በገዛ ድምጿ ራሷ ደነገጠች። ዛሬ ከማሽን በላይ የምትጮኸው፣ ደላላ የምታባርረው ገላነሽ ያን ቀን ነው የተወለደችው ቢባል ውሸት አይደለም።

ይህን አንድም ቀን ነግራቸው አታውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ጎራ ብላ ሰላም ስትላቸው "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። መርሳቱ ያኔ ጀምሯቸው ነበር። እሷም ከፋትና በዚያ መንገድ ማለፉን ተወች። ይኸውላችሁ እንግዲህ ውለታ መላሿ!

"አገኛቸዋለሁ" አለች። "እርስዎ ቤት ይጠብቁ፣ እትዬ። ጫማዎንም ያድርጉ።"

ባለ ባጃጁ በላይነህ ሦስት ሰው በሚጭን ባጃጅ ስድስት ካልጫነ የዋለ አይመስለውም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሲሄድ አንገቱን አውጥቶ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" ማለቱን አይተውም።

"ዛሬ ማንንም አትጭንም" አለችው ገና ስትገባ።

"ስንመለስስ?"

"አንተ ንዳ!"

በጎንደር መንገድ ወጡ። ነሐሴ ነው፤ ፎገራ ግራና ቀኙ ውሃ ነው፤ ከውሃው በላይ ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ አራሚው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው። በሜዳው አንድ ሰው አይታይም። ገላነሽ የመንገዱን ዳር ዳር ስታይ ቆይታ በድንገት "አቁም!" አለች።

"ምን አየሽ?"

የከብት መንገዱ ከአስፋልቱ የሚለይበት ቦታ ላይ አንድ እፍኝ ቄጠማ ተቋጥሮ ጫፉ ወደ ወንዙ ታጥፏል። "ጋሽ እንግዳው ናቸው። በዚህ ሂዱ ማለት ነው። አየህ፣ አልጠወለገም። ና ውረድ፣ አብረን እንሂድ።"

በላይነህ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። ልክ አናት ላይ ናት። "በዚህ ቀትር? ውሃ ዳር? እኔ አልወርድም።"

"ጢም አብቅለህ ለካፊ ጋኔን ትፈራለህ?"

"ለካፊው ጢም አይቶ ይመለሳል ያለሽ ማን ነው? ከዚሁ ሆኜ አይሻለሁ፤ ከቆየሽ ክላክስ አደርጋለሁ።"

እየሳቀችበት ወረደች። ግን የሷም እናት ያንኑ ነበር የሚሉት፤ በቀትር ውሃ ዳር የጠራሽን ሳታዪ አቤት አትበይ፤ የሞተ ሰው ከተጠራማ አፍሽን ያዢ፤ በሞተ ሰው ተራ የመለሰ ተራውን ይወስዳል። ትንሽ እንደተራመደች ሳቋ ቀረ። በሩዙ መሀል ያለው የአፈር ድንበር እግርን ይይዛል፤ ጭቃው ሲለቃት ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ በቀር ምንም የለም። እንቁራሪት እንኳ ዝም ብሏል። ነፋስ ሳይኖር ሩዙ አንዳንድ ቦታ ላይ ይነቃነቃል። ውሃ ገብቶበት ነው አለች በልቧ፣ ግን እርምጃዋን አፈጠነች።

የመጀመሪያው ማረፊያ ያው የድሮው ባምባ ዛፍ ነው። እዚያ ሲደርሱ እያንዳንዱ ልጅ በተራው አንድ አንድ ቄጠማ ይቋጥር ነበር፣ ሁሉም ለመድረሱ ምልክት እንዲሆን። ዛሬ ጋሽ እንግዳው ለሁሉም ቋጥረዋል። ቆጠረቻቸው። አሥር ቋጠሮ፤ ከዚያ አንድ ሳይቋጠር የታለፈ ቄጠማ፤ ከዚያ አንድ ቋጠሮ።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሥራ አንድ አበረ ነበር። ግራኝ፣ ቀልደኛ፣ ስካርፉ ባለ መስመር። በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ወባ ወሰደው። ጋሽ እንግዳው ቁጥሩን ለሌላ ልጅ አልሰጡትም። ከዚያ ወዲያ ሲቆጠሩ "አሥር!" ይባላል፣ ሁሉም አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላል፣ ከዚያ "አሥራ ሁለት!" ይባላል። ቡድኑ እስኪበተን እንዲህ ነበር የተቆጠሩት። ያቺ ዝምታ የአበረ ነበረች። ሰውየው ሚስታቸውን እንኳ ረስተው ያቺን አልረሷትም።

ሁለተኛው ማረፊያ ጣራው የወደቀው የውሃ ሞተር ቤት ነው። ከግድግዳው ሥር ቋጠሮዎቹ ተደርድረዋል። ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። አሥራ ሁለት ናቸው፤ የታለፈ የለም።

ጎንበስ ብላ አሥራ አንደኛውን አየችው። ዞሮ የታሰረው ከሌሎቹ በተቃራኒ ነው። አበረ በግራ እጁ ስለሚቋጥር የሱ ቋጠሮ ሁሌ እንዲያ ነበር፤ ጋሽ እንግዳው አርመው አርመው ሲሰለቻቸው ተዉት።

"እሳቸው ናቸው" አለች ጮክ ብላ። "ትዝ ብሏቸው ነው። ሌላ ማን ይ... ማን ይ..." ምላሷ ተያዘ። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ሆና አታውቅም።

ያኔ ፊሽካው ተነፋ።

ጋሽ እንግዳው ሩዙ አልቆ የርብ አፋፍ በሚጀምርበት፣ ውሃ እስከ ጉልበታቸው ይዟቸው ቆመዋል። ስካርፉ አንገታቸው ላይ በወጉ ታስሯል። ከኋላቸው ሦስት እርምጃ ቢቀር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙ ሞልቶ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ያን ያህል ውሃ ሲሄድ ድምፅ የለውም።

"ጋሼ!"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

"ገላነሽ ነኝ። እትዬ ደብሬ ልከውኝ ነው፤ ይምጡ እንሂድ።" ወደ ፊት ስትራመድ እሳቸው ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

"ስም አልጠየቅሁም። ልጅ ሳይሟላ አንሄድም፤ ተሰለፊ!"

ድምፃቸው ያው የድሮው ነው። ገላነሽ በቆመችበት ደረቀች። ዘላ ብትይዛቸው ተያይዘው መግባታቸው ነው። ዋና አታውቅም፤ እሳቸውም ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ቀጥ ብላ እጆቿን አወረደች።

"ቁጠሩ!" አሉ።

ጣታቸውን ወደ ባዶው ውሃ ቀሰሩ። ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደሚቀጥለው። እንደገና ነቀነቁ። ገላነሽ በልቧ አብራ ትቆጥራለች። አንድ ባሕር ዳር አስተማሪ ነው። ሦስት አረብ አገር ናት። አምስት አንበሳሜ ሱቅ ከፍቷል። ሁሉም በሕይወት አሉ፣ ጋሽ እንግዳውም ሁሉንም ይሰማሉ። ጣቱ እሷ ላይ ደረሰ።

ምላሷ ተሳሰረ። ሽማግሌው ጠበቁ። አልተቆጡም፣ አልቸኮሉም፣ ልክ እንደዚያ እሁድ ጠበቁ።

"ሰባት!"

"ጎበዝ" አሉ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ነቀነቁ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ። ጆሯቸውን አዘነበሉ። ቆዩ።

"አሥራ አንድ!" ብለው ጠሩ።

ምንም።

"ሲመጣ ነበር፣ ከኋላ አይቸዋለሁ" አሉ። "ውሃው ጋ ቀርቶ ይሆናል። እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ እናቱን በምን ዓይኔ አያታለሁ?" ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩና አንድ እግራቸውን አነሱ።

ገላነሽ የእናቷን ቃል አሰበች። የሳቸውንም አሰበች፤ የሰውን ተራ ሰው አይመልስም። ግን እኒህ ሰው ለእሷ ጥላ እስኪዞር ቆመዋል። ማንም እንደዚያ ጠብቋት አያውቅም፣ ያኔም ዛሬም።

"አሥራ አንድ!" አለች። ቃሉ ሳይተበተብ፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ጋሽ እንግዳው እግራቸውን መለሱ። ዞሩ። እሷን አላዩም። ከቀኝ ትከሻዋ ኋላ፣ ዝቅ ብለው፣ ልጅ በሚታይበት ቁመት አዩና ፊታቸው በራ።

"ምነው ዘገየህ፣ አንተ ግራኝ? ጭቃው ያዘህ?"

ገላነሽ ዞራ አላየችም። አንገቷ ስር ቀዝቃዛ ነገር ያለፈ መሰላት። ሽማግሌው አሥራ ሁለትን ሰምተው ነቀነቁ፣ "ተሟልተናል፤ ወደ ቤት!" ብለው ከውሃው ወጡና በፊቷ አለፉ። ተከተለቻቸው። ሞተር ቤቱን እንዳለፉ ነው አንደበቷ የተፈታው።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ ስለጠበቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሳልነግርዎ ሃያ ዓመት አለፈ። ሳልጠይቅዎ ስለቀረሁም ይቅር ይበሉኝ።"

"የምን ምስጋና ነው?" አሉ ሳይዞሩ። "ተራሽን ያዢ። ከኋላሽ ልጅ አለ፣ አትቁሚበት።"

በላይነህ ሲያያቸው ሦስት ጊዜ አማተበ። ሽማግሌውን ደግፎ አስገባቸው። እሳቸው ግን ወደ ዳር ተጠግተው መሀሉን በመዳፋቸው ጠረጉና፣ "ግባ" አሉ፤ ማንን እንዳሉ አልተናገሩም። ገላነሽ ጥቂት ቆማ አሰበች። ከዚያ በሌላው በር ዞራ ዳር ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ራሳቸውን ደገፍ አድርገው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወረታ ሊደርሱ ሲሉ ፌስታል የያዘች ሴት እጇን ዘረጋች። በላይነህ ፍጥነቱን ቀነሰ።

"እለፋት" አለች ገላነሽ።

"ኧረ አንድ ሰው ብቻ! መሀሉ ባዶ ነው እኮ።"

እጇን መሀሉ ላይ ልታሳርፍ ዘረጋችና መልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

"ሞልቷል አልሁህ፣ በላይነህ። እለፋት።"