ወባ እንዲገኝ የጸለይኩበት ቀን

ልድያ ሶቭየት ኅብረት ሄዳ እንድትማር መመረጧን የሰማሁት ከራሷ አይደለም፤ ከፋጢማ ነው። ፋጢማ ገበያው ጫፍ ላይ ሻይ ቤት አላት። የጋምቤላ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ገብቶ ስኳር ተጨምሮበት ነው የሚወጣው። ከሥራ ስመለስ ከበሯ ላይ ቆማ አየችኝና፣

«የልድያ እናት! ልጅሽን ሰማሽ?» ብላ ጮኸች።

እኔ ሰው ጮክ ብሎ ሲጠራኝ መጀመሪያ የሚታየኝ ሬሳ ነው። ጆሮዬ የገባው «ልጅሽ» የሚለው ብቻ ነው። የቀረውን የሰማሁት ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነበር።

«ሞስኮ ልትማር ነው አሉ! እንኳን ደስ አለሽ!»

ልጄ በሕይወት እንዳለች ሲገባኝ አምላኬን አመሰገንኩ። ሞስኮ የሚለው ሲገባኝ ደግሞ የምስጋናዬን ግማሽ መልሼ ወሰድኩ።

«ለስንት ዓመት?»

«ስድስት ነው የሚሉት።»

«ስድስት!»

«ምን ያስጮህሻል? ሌላው ልጄ ዘመቻ ሄደብኝ ብሎ ያለቅሳል፤ አንቺ ትምህርት ሄደችብኝ ብለሽ ልታለቅሺ ነው? ሻይሽን ጠጪ!»

ጠጣሁ። ግን ብርድ ምን እንደሆነ ፋጢማ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍልን የተማርኩት ጎሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለኝን ልብስ በሙሉ ደርቤ ኖሬያለሁ፤ ልብስ ሳጥብ የምለብሰው አልነበረኝም። ጎሬ እኔን እንዲህ ካደረገኝ፣ ሞስኮ ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው? ከዚያ ደግሞ አውሮፕላኑ አለ። አውሮፕላኑ ባይወድቅ ምግቡ አለ። ምግቡ ቢስማማት እንኳ፣ እግዚአብሔር የለም የሚሉ ሰዎች ስድስት ዓመት ፊታቸው አስቀምጠው ሲነግሯት ምን ልትሆን ነው?

ባሌን ኦጆትን ጠየቅኩት። ኦጆት ከአበቦ ከተማ አጠገብ፣ በአልዌሮ ግድብ ሥራ ላይ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው። ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ግድቡን የሚሠሩትን ሩሲያኖች በየቀኑ ያገኛቸዋል።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አልኩት።

«ሲመጡ ቀይ ነበሩ። አሁን ወባው ቢጫ አድርጓቸዋል።»

«አትቀልድብኝ። ስለ እግዚአብሔር ምን ይላሉ?»

«መኪናቸው ጭቃ ሲይዘው በሩሲያኛ የሚጠሩት እሱን መሰለኝ» አለ።

ከእሱ ምንም አላገኘሁም። ለነገሩ ጥፋቱ የራሱ ነው። ልድያን ሁለት ጊዜ በመኪናው ይዟት ሄዶ ግድቡን አሳያት፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ የምታወራው ውሃ እንዴት እንደሚታሰርና እንዴት እንደሚለቀቅ ብቻ ሆነ። ሌሎች ልጆች ወንድ ይወዳሉ፤ የእኔዋ የወደደችው ግድብ ነው።

ወደ ጸሎት ሄድኩ። ያኔ የቤተ ክርስቲያናችን በር በመንግሥት ከታሸገ አራተኛ ዓመቱ ነው። እኛ ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት ልብሳችንን ይዘን ባሮ ዳር እንገናኛለን፤ እያጠብን እንጸልያለን። ባሮ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ ሰው የለም። አንድ ዓይን አዞውን ይጠብቃል፣ አንድ ዓይን የቀበሌውን ሰው። አሜን ጮክ ተብሎ ስለማይባል እርጥብ ልብሳችንን ድንጋዩ ላይ እንመታለን። ከሩቅ ለሚያየን ጎበዝ አጣቢዎች ነን።

የምትመራን ማማ ኛኮንግ ናት። ከሱዳን፣ ከናስር በኩል የመጣች ኑዌር ናት፤ ዕድሜዋን እሷም አታውቀውም። ወንዙ ላይ አኙዋኩም ኑዌሩም ደገኛውም ስላለ በአማርኛ ነው የምትጸልየው፤ አማርኛዋ ደግሞ እንደ መዶሻ አጭርና ከባድ ነው። በዚያ ቅዳሜ ሳሙና እየመታች፣ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» አለች።

«እኔ አለኝ» አልኩ። «ልድያ ሩቅ አገር እንዳትሄድ።»

ከጎኔ የአባቷን ቱታ የምትጨምቀው ልድያ ቀና ሳትል፣ «እኔም አለኝ» አለች። «እንድሄድ።»

ሴቶቹ ሁሉ እጃቸው ውሃው ውስጥ ቀረ። ፋጢማ ሦስት ድንጋይ አልፋ ነው የምታጥበው። እስላም ናት፤ ምን እንደምናደርግ ሁሉንም ታውቃለች፤ ለማንም ነግራ ግን አታውቅም። ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ይኼማ ጸሎት አይደለም፣ ክስ ነው! እናትና ልጅ ዳኛ ፊት ቆሙ እኮ!»

«አንቺ ልብስሽን እጠቢ» አልኳት።

ማማ ኛኮንግ እኔንም ልድያንም አየች። «እኔ አማርኛ ትንሽ ነው የማውቀው» አለች። «ለአንድ ልጅ ሁለት ጸሎት አልችልም። አንድ ነው የምጸልየው።» ከዚያ ዓይኗን ውሃው ላይ አድርጋ፣ «ጌታ፣ ይቺ ልጅ የአንተ ናት። ይቺ እናት የአንተ ናት። መንገድ ካለ ክፈት። ከሌለ ዝጋ። እኛ አናውቅም» አለች።

ልብሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ድንጋዩን መታ። የእኔ አንሶላ ብቻ እጄ ላይ ቀረ።

«ክንድሽን አሞሻል?» አለች ማማ ኛኮንግ።

«አዎ፣ ትንሽ» አልኩ። ዋሸሁ።

እቃችንን ተሸክመን ስንመለስ ልድያ፣ «እማ፣ ለምን አልመታሽም?» አለችኝ።

«እንደ ፈቃድህ የሚለውን ጸሎት እፈራዋለሁ። አንድ ጊዜ ብዬው አውቃለሁ።»

መቼ እንደሆነ ታውቃለች። ከእሷ በፊት ኦቻን የሚባል ወንድ ልጅ ነበረኝ። በሦስት ዓመቱ ወባ ያዘው። አራት ቀን «አድንልኝ» ብዬ ለመንኩ። በአምስተኛው ቀን ፓስተሩ መጥተው «ፈቃድህ ይሁን በይ፣ ልጄ» አሉኝ፤ አልኩ፤ ሞተ። ወባ መሥሪያ ቤት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ይፈልጉ ነበር፤ እኔም የገደለብኝን ነገር መልኩን ማየት ፈለግኩ። አሠልጥነውኝ ይኸው እስካሁን በማይክሮስኮፕ የሰው ደም አያለሁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ልድያ ለጉዞው የሚያስፈልገውን የጤና ምርመራ ወረቀት ይዛ መጣች። ደረቷም ዓይኗም ታይቶ አልቋል፤ የቀረው የወባ ምርመራ ነው። መመሪያው አጭር ነበር፤ ወባ የተገኘበት ተማሪ በዚህ ዙር አይሄድም፤ ታክሞ ለከርሞ ይጠብቃል። ለከርሞ ደግሞ ዕድሉ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? ውጤቱ ትምህርት ቢሮ የሚፈለገው ረቡዕ እስከ ስድስት ሰዓት ነው።

ያን ጊዜ ነው ክፉው ሐሳብ የመጣብኝ። ልድያ እሑድ ዕለት «ራሴን ትንሽ አሞኛል» ብላ ነበር። እኔ ሰው ሲያዛጋ ካየሁ ወባ ነው ብዬ ክሎሮኪን አፉ ውስጥ የምከት ሰው ነኝ። እሑድ ግን ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። ለምን እንዳለፍኩ ለራሴም አልነገርኩትም ነበር።

ደም የምናነብ ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ሙዎች። ሙዎች ከዲዲቲ ረጪዎቹ ጋር ኢታንግ ወርዷል። ረቡዕ ጠዋት ኃላፊያችን ዘንድ ገብቼ፣ «የልጄን ደም እኔ ባላይ ይሻላል» አልኩት።

«ማን ይየው? እኔ ማይክሮስኮፑ ውስጥ የራሴን ሽፋሽፍት ነው የማየው» አለ። «አንቺው እዪ፣ አንቺው ፈርሚ።»

የልድያን ጣት ወጋሁ።

«እማ፣ ሁለቴ ወጋሽኝ።»

«ቁርስ አልበላሁም።»

«አብረን ነው እኮ የበላነው።»

«ውጪ ጠብቂኝ» አልኳት። ወጥታ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። በመስኮት ትታየኛለች፤ አንድ ደብተር ገልጣ የሩሲያ ፊደል ትለማመዳለች።

ደሙን የመስታወት ስላይድ ላይ ቀብቼ አደረቅኩ፣ ቀለም አፈሰስኩበት፣ አጠብኩት፣ ዘይት ጠብ አድርጌ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። ከዚያ ጸለይኩ። ያንን ጸሎት ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ጌታ ሆይ፣ አንዲት ብቻ። ብዙ አልጠየቅኩህም። ኃይለኛውም ዓይነት አይሁን፤ በሦስት ቀን ክኒን የሚሄደው ይሁን። በነሐሴ ወር፣ በጋምቤላ፣ አንዲት ወባ ማግኘት ለአንተ ምን ይከብድሃል?»

በዚያ ሳምንት ካየሁት ደም ግማሹ ወባ ነበረበት። ደንቡ ስላይዱን እያንቀሳቀሱ መቶ ቦታ ማየት ነው። ማየት ጀመርኩ። ሃያ፤ የለም። አርባ፤ የለም። ስልሳ ምናምን ላይ እንደ ወባ ተውሳክ ቀለበት የምትመስል አንዲት ትንሽ ነገር አየሁና ልቤ ዘለለ። ብርሃኑን አስተካክዬ ሳያት የቀለም እንጥፍጣፊ ናት። መቶ ሞላ፤ የለም። አንድ መቶ ጨመርኩ። ሌላ ሕመምተኛ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ «ቆይ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ሦስተኛውን መቶ ጀመርኩ። የለም።

ወረቀቱን ሳብኩ። ሁለት ሳጥን አለው፤ «ተገኝቷል» እና «አልተገኘም»። እስክሪብቶዬ ከሁለቱ በላይ ቆመ። ማን ያያል? ስላይዱ ታጥቦ ነገ የሌላ ሰው ደም ይቀባበታል። አንድ ምልክት ባደርግ ልድያ ክኒኗን ውጣ፣ ሁለት ቀን አልቅሳ፣ እዚሁ ትቀራለች። የበለጠ የሚያሳፍረው ደግሞ ይኼ ነው፤ ነገሩን መንፈሳዊ አደረግኩት። ሙዎች በዚህ ሳምንት ኢታንግ የሄደው ለምንድነው? ኃላፊው አንቺው ፈርሚ ያለው ለምንድነው? ጌታ እኮ ነው እስክሪብቶውን እጄ ላይ ያስቀመጠው፣ በሩን አንቺው ዝጊው እያለኝ ነው አልኩ። ሰው ሲፈራ የማያነበው ምልክት የለም።

«ተገኝቷል» የሚለው ሳጥን ላይ ጫፉን አሳረፍኩ። ነጥብ ሆነች።

ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ልይ ብዬ እንደገና ጎንበስ አልኩ። በዚህኛው ምንም አልፈለግኩም፤ ዝም ብዬ ነው ያየሁት። የሚገርም ደም ነው። በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ደም ብዙ አላየሁም። ቦታውን ባንቀሳቅስ ንጹሕ፣ አሁንም ባንቀሳቅስ ንጹሕ።

ማንቀሳቀሴን አቆምኩ። ልድያ ከተወለደች ጀምሮ በየማለዳው ፊቷን ሳጥብ የምላት አንድ ነገር ነበር። አሁን አድጋ ራሷ ስትታጠብም ከጓዳ ሆኜ እለዋለሁ፤ «ጌታ፣ ደሟን ጠብቅልኝ።» አሥራ ስምንት ዓመት፣ አንድም ቀን ሳላቋርጥ። መልስ አገኘሁበት ብዬ አስቤ ግን አላውቅም። የዚህ ጸሎት መልስ አይታይማ! ሲመለስ የሚታየው ምንም ነው። ይኸው ሦስት መቶ ቦታ ሙሉ ምንም ፊቴ ተዘርግቶ፣ እኔ አንዲት ወባ አጣሁ ብዬ ተቆጥቻለሁ።

ለኦቻን ለምን እንዲህ እንዳልሆነለት አላውቅም። ያን ቀንም አልገባኝም፤ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር አይደለም። ጌታ ያን ጠዋት ለለመንኩት እንቢ ማለቱን ግን በገዛ ዓይኔ ሦስት መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ሳቄ መጣ። ልጄን ወባ አስይዝልኝ ብላ የለመነች እናት ከእኔ በቀር በጋምቤላ ያለች አልመሰለኝም፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ በማለፉ ደግ አደረገ።

ነጥቧን ሰርዤ አጠገቧ ፈረምኩ። ቀጥሎ «አልተገኘም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ እንደገና ፈረምኩ። በችኮላ ስለፈረምኩ ሁለተኛው ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ። የሚያየው ሰው ተጭበርብሯል ብሎ ይጥልባት ይሆን ብዬ ሦስተኛ ልፈርም ስል ማኅተሙ ትዝ አለኝና ኃላፊው ዘንድ ሄጄ አስመታሁ።

ወደ ማንጎው ስሄድ ልድያ ብድግ አለች።

«ምን አቆየሽ? ሌላው ሰው በሃያ ደቂቃ ነው የሚወጣው።»

«ደጋግሜ ስላየሁት ነው።»

«አገኘሽ?» ድምፅዋ ተለወጠ።

«ምንም።»

ወረቀቱን ቀምታ አነበበችው፤ የተሰረዘችውን ነጥብ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ያሳደገችኝ እሷ ትመስል ነበር።

«እማ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ደስ ብሎሻል?»

«ደስስ አላለኝም» አልኩ። «ብርዱን ሳስበው አሁኑኑ ልጮህ ነው። ሄደሽ አንዲት ጊዜ ብታስነጥሺ እዚህ ይሰማኛል። ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ እኔ ደግሞ በሩ ላይ መቆም ሰለቸኝ።»

አቀፈችኝ። የሩሲያው ደብተር በመሐላችን ጎድኔን ወጋኝ።

«በይ ሂጂ» አልኳት። «ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ቢሮው ይዘጋል። ሩጪ!»

ሮጠች። ገና ግቢውን ሳታልፍ፣ «ቀስ ብለሽ! ጭቃው ያንሸራትታል!» ብዬ ጮህኩ።