የጋሼ ብረቱ ግራ ትከሻ

ጋሼ ብረቱ ግራ ትከሻቸውን ከፍ ሲያደርጉ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ወንበሩን የያዘው መካኒኩ ግራሶ ያልለቀቀው አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ ተጫነ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ተዋጊም ወደ ቀኝ ተንከባለለ። ድሮ ቢሆን ይተርፍ ነበር። ጋሼ ብረቱ ግን ትከሻቸውን እንደሰቀሉ፣ የረሱትን ነገር እንደሚያስታውስ ሰው፣ ቆም አሉ። ተዋጊው ተንከባልሎ ቀና ሲል ያ የበር መዝጊያ የሚያክል ሰይፍ አናቱ ላይ ወረደ።

«ሞትኩ እንዴ?» አለ መካኒኩ።

«ኧረ ሸለብ አድርጎህ ነው» አለ ጥርሴ። ጥርሴ የሚባለው ሲስቅ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ስለሚሆን ነው፤ የማይስቅበት ጊዜ ደግሞ የለም። «ተነስ በል! ሟች ይነሳል!»

የጌም ቤቱ ሕግ ይኸው ነው። ገዳይ ይቀመጣል፣ ሟች ይነሳል። የዚህ ጌም አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዙር ይሰጠዋል፤ የጌሙን ዋና ጠላት ጋሼ ብረቱን ቀድሞ የገደለ፣ ጌም ቤቶች እርስ በርስ በሚጋጠሙበት ውድድር ቤቱን ወክሎ ይጫወታል። አንድ ሰው ብቻ። እስከዛሬ ያን ቦታ ለማንም አሳልፎ ያልሰጠው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ልጆቹ ማስተር የሚሉት፣ የፌንጣ ታላቅ ወንድም።

ፌንጣ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ የሰው ላብ የጠጣ ጆይስቲክ ትወለውላለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ልጅ ሆና አንድ ቦታ አልቀመጥም ብላ ስላስቸገረች። አሁን፣ ጉድ እኮ ነው፣ አንድ ቦታ ልቀመጥ ስትል የሚከለክላትም እሱ ነው። መጥረግ ትችላለች። በትንንሾቹ ስክሪኖች ኳስ የሚጫወቱ ሕፃናት ሲነካከሱ መገላገል ትችላለች። ትልቁ ስክሪን ላይ ግን፣ «ሴት ከተቀመጠች ደንበኛ ይሸሻል።» አንድ ቀን፣ «እኔን ፈርቶ ነዋ የሚሸሸው» ብትለው ሳምንቱን ሙሉ አኩርፏታል።

ጋሼ ብረቱን ጋሼ ያሏቸው በዕድሜያቸው ነው። የጌሙ የመጀመሪያ ክፍል ሲወጣ እዚህ ካለው ሰው አንድም አልተወለደም ነበር፤ ታላቅን አንተ ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሰይፍ እየሰኩባቸውም አንቱ ይሏቸዋል። ፌንጣ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከኋላ ክፍል ባለው አሮጌ ማሽን ላይ፣ ወገቡ በፕላስተር በተጠቀለለ ጆይስቲክ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምራ ስትገድላቸው ኖራለች። ያኔ ጋሼ ሰው ለመምሰል የሚታገሉ ጥቂት የቀለም ነጠብጣቦች ነበሩ። በኋላ ጥሩር ለበሱ። ከዚያ ፈረስ ተሰጣቸው፣ ከዚያ ክንፍ አወጡ፤ አንዱ ክፍል ላይ ተቃጥለው አጽማቸው ብቻ ተነሳ። ፌንጣ ግን ልብሳቸውን አታይም። ከመምታታቸው በፊት ግራ ትከሻቸው ከፍ ይላል። ክንፍ እያላቸውም ከፍ ይላል፣ ሥጋ ሳይኖራቸውም ከፍ ይላል። አንዴ ሞተውም አያርፉም፤ ሙዚቃው ይቆማል፣ ሰው ጆይስቲኩን ጥሎ ይጨፍራል፣ እሳቸው ይነሳሉ።

ሠሪዎቹ ሰንፈው አይመስላትም። አሮጌ ጠላት እንደ አሮጌ ዘመድ ነው፤ አዲስ ካፖርት ለብሶ ቢመጣም በአካሄዱ ካልለየኸው ቅር ይልሃል።

ወንድሟ ተቀመጠ። ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቋቋ። ሲጫወት ያምርበታል፣ ይህን አትክደውም። ጎናቸውን ወጋ፣ ዞረ፣ ደግሞ ወጋ። ከዚያ የጋሼ ግራ ትከሻ ከፍ አለ፤ ወንድሟም ለዓመታት እንዳደረገው ተንከባለለ።

ማንም «ሟች ይነሳል» ያለው የለም። ራሱ ተነሳ።

«አበላሽተውታል!» አለ። «ትከሻውን አንስቶ የማይመታ! ይኼ ማጭበርበር ነው።» በንዴት አንቱታውን እንኳ ረሳው። «ዛሬ በቃ። ማንም አልገደለም፤ እንደ ድሮው እኔ እሄዳለሁ።»

ፌንጣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሁሉም መች ሞተና? እኔ አለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«ከአንድ እናት ነዋ የመጣነው። ሕጉ ሰው ነው የሚለው፤ ወንድ አላለም። ሰው አይደለሁም?»

«እሱስ ያጠራጥራል» አለ ጥርሴ።

«ለእማዬ እነግርልሻለሁ!» አለ ወንድሟ።

«ምን ብለህ? የሰው ጋሼ ገደለች ብለህ?»

ልጆቹ ፈነዱ። መካኒኩ እንባውን እየጠረገ፣ «ትቀመጥ ማስተር፤ አሁኑኑ ሞታ ትነሳ የለ» አለ። ወንድሟ ወንበሩን በእግሩ ገፋላት። «እንቺ። ሙቺና እረፊው።»

«እንደ አፍህ አያድርገው» አለችና ተቀመጠች።

ወንበሩ የወንድሟን ቅርጽ ይዞ ስለጎደጎደ ሰመጠችበት። ጆይስቲኩ ሁሉም ቁልፉ ይሠራል፤ ለእሷ ይኼም ብርቅ ነው። ስክሪኑ ላይ በሩ ተከፈተ። ጋሼ ብረቱ መሬት የሚጠርግ ካባ ደርበው ከዙፋናቸው ተነሱ። ወጋ አድርጋ ሸሸች፤ ደግማ ወጋች። ትከሻው ከፍ አለ። አውራ ጣቷ ሳታዘው ሄደ። ተንከባለለች! የሰይፉ ጫፍ አገኛትና በስክሪኑ ጥግ ያለው ቀይ የደም መስመር ክር አከለ። ከኋላዋ ሳቅ ተነሳ።

የተናደደችው በራሷ ነው። እያወቀች! ያሠለጠኗት እኮ እሳቸው ናቸው። ትከሻዬን ሳነሳ ሽሺ እያሉ አስተምረዋት፣ ዛሬ በዚያው ትምህርት ሊገድሏት። ሠሪዎቹ እሳቸውን አልቀየሩም፤ ሸሺውን ነው ያጠኑት። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሕፃን ቢቀመጥ ኖሮ አይንከባለልም ነበር። የሚሞተው የለመደ ብቻ ነው።

ትከሻው ዳግም ከፍ አለ።

አውራ ጣቷን ከቁልፉ አንስታ፣ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው፣ አየር ላይ ያዘችው።

«ምን ሆነሻል? ተንከባለዪ!» መካኒኩ ጮኸ። «ኧረ ሽሺ!» አለ ጥርሴ፣ ማንን እንደሚደግፍ ረስቶ።

አልሸሸችም። ጋሼ ብረቱ ትከሻቸውን ሰቅለው ጠበቋት፤ እሷም ጠበቀቻቸው። ፌንጣ በዕድሜዋ እንዲህ ጸጥ ብላ አታውቅም። እግሯ ሥር ያለው ወለል፣ ከኋላዋ ያለው ትንፋሽ፣ የራሷ ልብ፣ ሁሉም ሂጂ፣ ሂጂ ይሏታል። ሰይፉ መውረድ ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለች። ሰይፉ መሬት ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ጋሼ ሊነቅሉት ጎንበስ ሲሉ ጀርባቸው እንደ ሜዳ ተዘረጋላት።

ደጋግማ ጠበቀች፣ ደጋግማ ወጋች። ወደቁ። ሙዚቃው ቆመ።

«ገደለቻቸው!» ጥርሴ ጠረጴዛ ላይ ዘለለ።

«ውረድ ባክህ። ገና ይነሳሉ።»

ተነሱ። ካባው ነዷል፣ እጃቸው ባዶ ነው። ያ ግራ ትከሻ ግን እንዳለ ነው። ፌንጣ ፈገግ አለች፤ ጠበቀች፤ የመጨረሻውንም ሰካች። ጋሼ ብረቱ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ቀስ ብለውም አመድ ሆኑ።

ከዙፋኑ ጀርባ ረጅም ኮሪደር ተከፈተ። በየክፍሉ እንዲህ ነው፤ ከጋሼ ሞት በኋላ ተዋጊው ኮሪደሩን ተሻግሮ ጫፉ ላይ ያለውን ፋኖስ ካልነካ ጌሙ ድሉን አይዝም። ማሽኑ ከዚያ በፊት ከጠፋ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ቤቱም የሚቀበለው ፋኖስ ያበራን ብቻ ነው።

ወንድሟ መጀመሪያ ሳቀ። «አድክመንልሽ ነው እኮ።»

«ማስተር» አለ መካኒኩ፣ «በየዙሩ ደማቸው ሙሉ ሆኖ ነው የሚመጡት።»

ሳቁ ጠፋ። «ዕድል ነው። ተነሺና ኋላ ትደግሚዋለሽ።»

«አንተ ስትገድል ማን ድገም አለህ?»

ከዚያ ከአጠገቧ ዞር አለ። ይህን አካሄድ ፌንጣ አብራው አድጋ ታውቀዋለች፤ ያለቀ ይመስላል፣ አላለቀም። ወደ ግድግዳው ሲሄድ እርምጃውን ሰማች። ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ያዘ።

«ተነሺ ብያለሁ። እነቅለዋለሁ።»

«ኧረ ማስተር...» አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ።

ፌንጣ ዞር አላለችም። የመሮጫው ቁልፍ ከአውራ ጣቷ ሥር ነው። ብትሮጥ ምናልባት ትደርሳለች።

«ንቀለው» አለች። «ነገ መጥቼ እገድላቸዋለሁ። ከነገ ወዲያም። እሳቸው በየክፍሉ ይመጡ የለ? እኔም እመጣለሁ።»

ጥርሴ እንኳ ከንፈሩን ሰበሰበ። ከኋላዋ የሶኬቱ ፕላስቲክ በወንድሟ እጅ ውስጥ ሲንቋቋ ተሰማት። አልነቀለውም፤ አልለቀቀውምም።

ወንበሩ ላይ ተደላደለች። ተዋጊዋንም በረጅሙ ኮሪደር ውስጥ፣ ወደ ፋኖሱ፣ በእርጋታ፣ በእርምጃ አስኬደችው።