ሰባተኛው ድንጋይ

ለንደን በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ስሠራ፣ አለቃዬ «አስም አለብሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሴትዮዋ ባዘዘችኝ ቁጥር እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ አየር አጠራት ብላ ትደነግጣለች። ቤት ገብቼ ለወንድሜ ለዘርይሁን ስነግረው ከአልጋው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «እትዬ ሮማን፣ እዚህ አገር ሰው አዎ ሲል አፉን ይከፍታል!» አለኝ። ያን ቀን አብሬው ሳቅሁ። ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ አፌን ይመረኛል።

ዘርይሁን ታናሼ ነው። መርካቶ፣ እህል በረንዳ ኩንታል እየተሸከመ ነው ያደገው። እዚህ መጥቶ ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ስሙን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራው አልነበረም። ሚስተር ፐርሲ የሚባል ሽማግሌ እንግሊዛዊ ዐይኑን የጣለበት እዚያው መጋዘን ነው። ዕቃ ሊወስድ መጥቶ፣ ለሦስት ሰው የሚከብደውን ሣጥን ወንድሜ ብቻውን ሲያነሳ አየው።

ፐርሲ ከአባቱ የወረሰው ድንኳን ነበረው። በየሜዳው እየተከለ የሰው ሥቃይ በቲኬት ያሳያል። ውስጡ የድሮ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ሰይፍ የሚውጥ፣ በሚስማር አልጋ ላይ የተኛች፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አርባ ቀን የጾመ። የመጨረሻውን ሳይ «ይኼ ምኑ ይደንቃል? እኛ ሁዳዴን በነጻ አይደለም እንዴ የምንጾመው!» አልኩ። ዘርይሁን ግን አልሳቀም። ፎቶዎቹን ትክ ብሎ ያያቸዋል።

ወንድሜን የነብር ቆዳ አልብሰው «የአቢሲኒያው አለት» አሉት። ነብር በሥዕል እንጂ በአካል አይቶ የማያውቅ የመርካቶ ልጅ! በጀርባው ይተኛል፣ ደረቱ ላይ ሳንቃ ይደረጋል፣ ከዚያ ሁለት ሠራተኞች የእግረኛ መንገድ የሚነጠፍበትን ድንጋይ አንድ በአንድ ይጭኑበታል። እስከ ስድስት ችሏል። በፐርሲ አባት ጊዜ የነበረ አንድ ሰው ግን ሰባት ችሎ ነበር አሉ፤ ፎቶው ከሁሉም በላይ ተሰቅሏል።

«ተው አንተ ልጅ! ደረትህ እኮ መደርደሪያ አይደለም» አልኩት።

«እትዬ፣ መጋዘን ውስጥ ስሸከም ማን አየኝ? እዚህ ያጨበጭቡልኛል። ሰባት ከቻልኩ ፎቶዬ ይሰቀላል።»

እልኸኛ ነው። ማስቀረት ሲያቅተኝ ልጠብቀው አብሬው ሄድኩ። በፈረንጅ እጅ ብቻውን ልተወው?

ፐርሲ አንድ ደንብ ነበረው። ድንጋይ የሚሸከመው ሰው በእጁ ቀይ የጎማ ኳስ ይይዛል፤ ኳሷ ከወደቀች ድንጋዩ ወዲያው ይነሣል። እኔ ናቅኋት። «በቋንቋው የምጠይቀው እኔ እያለሁ ኳስ ምን ይሠራል?» አልኩ። ፐርሲ ትንሽ ካመነታ በኋላ ተስማማ፤ በአቢሲኒያ ቋንቋ መጠየቁ ለተመልካችም ደስ ይላል አለ። ከእያንዳንዱ ድንጋይ በፊት እጠይቀዋለሁ፤ አዎ ካለ ለሠራተኞቹ «ዋን ሞር» እላቸዋለሁ። ዘርይሁን ኳሷን ወደ እኔ ወረወራት።

«ያዢልኝ። አንቺ ካለሽ ምን እሆናለሁ!»

ኪሴ ከተትኳት።

ሰባተኛውን ሊሞክር የተነሣበት እሑድ ፍልሰታ ውስጥ ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ ዌምብሊ አካባቢ ወዳለው ሜዳ መጣን፤ ሁለታችንም እህል አልቀመስንም። ድንኳኑ ጢም ብሏል።

«ልጨምር?» አልኩት።

«ጨምሪ!» አለ እየሳቀ። ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም እንዲሁ አለ። ለአራተኛው ሳቁን ትቶ «አዎ» አለ። ለአምስተኛውና ለስድስተኛው ቃል አላወጣም፤ ዐይኑን ጠቀስ አድርጎ ትንፋሹን ሳብ አደረገልኝ። ቤት ውስጥ ሻይ ልድገምህ ስለው እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ስድስቱን ተሸክሞ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ዐይኑ ድንኳኑ ጣራ ላይ ነው። ጎንበስ አልኩ።

«ዘርዬ፣ ልጨምር?»

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። አጭር ነበረች።

ፐርሲ ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። «ደህና ነው? ምንም አልተናገረም እኮ!»

«አዎ ብሏል!» ብዬ ጮህኩበት። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፤ ወንድሜን ከእኔ በላይ ሊያውቀው ነው? ወደ ሠራተኞቹ ዞሬ «ዋን ሞር!» አልኩ።

ሰባተኛው ሲያርፍ ድንኳኑ በጭብጨባ ተናወጠ። ከጭብጨባው ሥር ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ሰማሁ። ድንጋዮቹን አንሥተን ስንጨርስ ወንድሜ በሕይወት አልነበረም።

የአሟሟቱን ነገር የሚያጣራው ዳኛ ፊት ቀረብኩ። አስተርጓሚው አቶ ወንድይራድ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ዳኛው «ሟቹ ምን አለ?» ሲለኝ «አዎ አለ» አልኩ። ፐርሲ «አየር አጥሮት ነበር» አለ። በእኛ አገር ትንፋሽ መሳብ አዎ ማለት መሆኑን አስረዳሁ። ዳኛው ወደ አቶ ወንድይራድ ዞሮ «እውነት ነው?» አላቸው።

አቶ ወንድይራድ ሳያስቡት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ።

ዳኛው እስክሪብቶውን ይዞ መልስ ይጠብቃል። መልሱን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጆሮዬን ይዤ እሪ አልኩ።

አደጋ ነው ተብሎ ተዘጋ። ማንም አልከሰሰኝም። ፐርሲ ፎቶውን ከላይ ሰቅሎለታል ብለውኛል፤ ሄጄ አላየሁትም። ኳሷ ከዚያ ቀሚስ ኪስ አልወጣችም፤ ቀሚሱንም አልለበስኩትም።

ያች ትንፋሽ አዎ ትሁን ጣር አላውቅም፤ እስክሞትም አላውቅም። አንድ ነገር ግን ዐውቃለሁ። «ልጨምር?» በማለት ፈንታ «በቃህ?» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ያችው ትንፋሽ ድንጋዩን ታስነሣለት ነበር።